ጥርስሽን ብታስነቅዪም የማይለቅ ሕመም

ውድ እህቴ፣ በአገራችን ጥርሱን ያልታመመ ሰው አይገኝም፤ መድኃኒቱም እንደየሰፈሩ ነው። አንዱ ቅርንፉድ ንከሺ ይልሻል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ያዢበት ይልሻል፤ ገጠር ያደግሽ ከሆነ ደግሞ የእምቧይ ፍሬ በፍም ላይ እያጨሱ «ትሉ ይውጣ» ሲሉ ሳትሰሚ አልቀረሽም። ኩዌት ከመጣሽ በኋላ ፓናዶል አለ። ጥርስ ሌሊት ይጠዘጥዛል፣ ድድ ያብጣል፣ የታመመው ሲነቀል ግን ሰው ይገላገላል። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚያ ሕመም አይደለም። ጥርስ መስሎ ስለሚመጣ፣ ጥርሱ ሲነቀልም አብሮ ስለማይሄድ ሌላ ሕመም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ተነሥተሽ ፊትሽን ልትታጠቢ ስትጎነበሺ፣ ውኃው ገና ጉንጭሽን ሲነካ፣ ከአፍንጫሽ ጎን ተነሥቶ እስከ ድድሽ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ የሚመታ ነገር ይመጣል። ትንፋሽሽ ቀጥ ይላል። ጥቂት ሰከንድ፣ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ይቆይና ይሄዳል፤ ምንም እንዳልተፈጠረም ትሆኛለሽ። ቁርስ ስታኝኪ ይመለሳል። ጥርስሽን ስትቦርሺ ይመለሳል። መዳም ስትጠራሽ «ነዐም» ለማለት አፍሽን ስትከፍቺ ይመለሳል። ከውጭው ሙቀት ገብተሽ የኤሲው ነፋስ ፊትሽን ሲገርፍሽም እንደዚያው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመጣባት አለች፣ ሃምሳ ጊዜ የሚመጣባትም አለች። ከዚያ ለሳምንታት ወይም ለወራት ጥሎሽ ይጠፋል፤ «ተገላገልኩ» ስትዪ ደግሞ ይመጣል። ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከፊት በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ በቀኝ በኩል ይበዛል።

ይህ ሕመም ስም አለው። ሐኪሞች ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ይሉታል። ስሙ ለምላስ ስለሚከብድ ዓረቦቹ በሚጠሩት ብትይዢው ይሻልሻል፤ «አል-ዐሰብ አል-ኻሚስ» ይሉታል፣ አምስተኛው ነርቭ ማለት ነው። ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አምስተኛው እርሱ ስለሆነ ነው። በግራም በቀኝም አለ፤ እያንዳንዱም ሦስት ቅርንጫፍ አለው። አንዱ ወደ ግንባርና ወደ ዓይን፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭ፣ ወደ ላይኛው ከንፈርና ወደ ላይኞቹ ጥርሶች፣ ሦስተኛው ወደ ታችኛው መንጋጋና ወደ ታችኞቹ ጥርሶች ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የሚታመሙት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። እንግዲህ የጥርስን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ይኸው ነርቭ በመሆኑ፣ ነርቩ ራሱ ሲታወክ አንጎል ወሬውን የሚቀበለው «ጥርስ ታመመ» ብሎ ነው። በዓለም ዙሪያ በዚህ ሕመም የተያዙ ብዙ ሰዎች መጀመሪያ የሄዱት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው፤ ጤነኛ ጥርስ ያስነቀሉም ጥቂት አይደሉም። አንዱን አስነቅለው አልሻል ሲላቸው ቀጥሎ ያለውን ያስነቅላሉ።

ነርቩ ለምን ይታወካል? በየቀኑ የምትይዢውን ካውያ አስቢ። የካውያው ገመድ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ዓመቱን ሙሉ ሲታሽ ልባሱ ይላጥና ሽቦው ይወጣል፤ ከዚያ የነካው ሁሉ ይነዝረዋል። በብዙዎቹ ሕመምተኞች የሚሆነውም ይህንን ይመስላል። ነርቩ ከአንጎል ሥር በሚወጣበት ቦታ ላይ አንድ የደም ሥር ተደግፎት በመታ ቁጥር ይገፋዋል፤ በጊዜ ብዛት የነርቩ ልባስ ይሳሳል። ከዚያ በኋላ ቀላል ንክኪ እንኳ እንደ እሳት ሆኖ ይደርሳል። ኃጢአት አይደለም፣ የሰው ዓይን አይደለም፣ ከንጽሕና ጉድለትም አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ስለዚህ ኩባያሽን የምትለይብሽ ወይም ልጇን እንዳታቅፊ የምትከለክልሽ መዳም ካለች ይህንን ንገሪያት።

ሕመሙ ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም፤ ከ100,000 ሰዎች በዓመት አዲስ የሚያዙት ከ4 እስከ 13 ያህል ናቸው ይባላል። ከወንድ ይልቅ ሴትን ያበዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዓመት በኋላ ይጀምራል፤ ወጣቶችንም ግን ይይዛል። አንቺ ገና የ25 ወይም የ30 ዓመት ልጅ ከሆንሽ ሐኪሙ ኤም አር አይ የተባለውን የራስ ምርመራ እንዲያዝልሽ መጠየቅሽ አግባብ ነው፤ በወጣትነት ሲመጣ አልፎ አልፎ ከበስተኋላው ሌላ የነርቭ በሽታ ወይም እባጭ ሊኖር ስለሚችል ነው። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያው የደም ሥሩ ነው።

የማይታይ ሕመም

እህቴ፣ የዚህ ሕመም ክፋቱ ማሠቃየቱ ብቻ አይደለም። አለመታየቱ ነው። እጅሽን ቢሰብርሽ ጄሶ ይታያል። ትኩሳት ቢኖርሽ ግንባርሽን ነክተው ያውቃሉ። ይኸኛው ግን ፊትሽ ላይ ምንም ምልክት አይተውም። ከአንድ ደቂቃ በፊት ግድግዳ ይዘሽ ስታለቅሺ ያየችሽ መዳም፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሳህን ስታጥቢ ታይሻለች። «ከዛባ» ትልሻለች። ፈርዳብሽ ብቻም ላይሆን ይችላል፤ በዓይኗ ያየችው ሁለት የማይገናኝ ነገር ነው። ለዚህ ነው ሕመሙን ከመጥቀስ ይልቅ ማስረዳት የሚያስፈልገው፤ «የሚመጣና የሚሄድ ነው፣ ስሙ ይኸ ነው፣ ሐኪም ያውቀዋል» ብሎ መናገር።

ከመዳም ይልቅ የሚያሳዝነው ግን በእኛ በእርስ በርሳችን መካከል የሚሆነው ነው። ዐርብ ቀን ስንገናኝ እንደ ባህላችን ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን አንጠግብም፤ ሦስት፣ አራት ጊዜ። አምስተኛው ነርቭ የታመመባት እህት ይህን ሰላምታ እንደ በትር ትፈራዋለች። ፊቷን ታዞራለች ወይም እጅ ብቻ ትሰጣለች። «ደመወዝ ተጨመረላትና ኮራች» ይባላል። ቀስ በቀስም መምጣቷን ትተዋለች፤ ያቺ በሳምንት አንድ ቀን ያለቻት የዕረፍት ቀን በክፍሏ ውስጥ ትራሷ ላይ ታልቃለች። እንዲህ ዓይነት እህት በመካከልሽ ካለች ከሩቅ አንገትሽን ዝቅ አድርገሽ ሰላም በያት። ስትጸልዩላትም ሳትጠይቋት እጃችሁን ፊቷ ላይ አትጫኑባት፤ ትከሻ አለ። ጸሎቱ ሐኪም ቤት ከመሄድ የሚያግድ እንዳልሆነም አብራችሁ ንገሯት። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደነበረ የምናነብበው በዚያው በመጽሐፉ ነው።

ሌላም አለ። በአገራችን ፊት ላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ «ምች ነው» ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። ዳማከሴን አልነቅፍም፤ ግን ፊትን ማሸት ለዚህ ሕመም ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። ደግሞም በምች ስም የምንጠራቸው የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አፍሽ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ ዓይንሽ አልከደን ካለ፣ ያ አምስተኛው ሳይሆን ሰባተኛው ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሲጀመር ነውና አትዘግዪ። ከፊት መጣመሙ ጋር እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አነጋገር ከተኮላተፈ፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያችው ደቂቃ በ112 ይደወል። በግንባር ወይም በጉንጭ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከሕመም ጋር ከወጣ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ በተለይ ዓይን አጠገብ ከሆነ አደገኛ ነው። ጉንጭ አብጦ ትኩሳት ካለ በእርግጥም ጥርስ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ስትነሺ መንጋጋሽ የሚደክምሽ፣ ጆሮሽ ሥር የሚቆረቁርሽ ከሆነ ደግሞ በጭንቀት ብዛት ሌሊት ጥርስሽን እያፋጨሽ ይሆናል፤ ይህ በቤት ሥራ ላይ ባለች ሴት ቢደርስ አይገርምም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበልሽ። ሕመምሽ የጀመረው ፊትሽን ከተመታሽ በኋላ ከሆነ፣ ለሐኪሙ ያንኑ ንገሪው። «ወደቅሁ» አትበዪ። የመንጋጋ ስብራትና የነርቭ ሕመም ሕክምናቸው ለየቅል ነው፤ ሐኪሙ የሚጽፈው «ተቅሪር ጢቢ» የሚባለው የሕክምና ወረቀትም በኋላ ለአቤቱታ የሚያስፈልግሽ እርሱ ነው።

በኩዌት ወዴት ልሂድ?

በሳልሚያም ሆነ በሐዋሊ፣ በፈርዋኒያም ሆነ በጀህራ ብትሠሪ፣ መጀመሪያ የምትሄጂው በመታወቂያሽ ላይ ያለው አድራሻ በሚያገለግልበት የሠፈር ሙስተውሰፍ ነው። ሲቪል አይዲሽን ያዢ። ከዚያ በ«ተሕዊል» ወረቀት ወደ አካባቢው ሆስፒታል ይልኩሻል፤ የነርቭና የአንጎል ሕክምና ዋናው ቦታ በሰባሕ የሕክምና ክልል ያለው የኢብን ሲና ሆስፒታል ነው። ስሙ የተወሰደው ከ980 እስከ 1037 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከኖረውና «አል-ቃኑን» የተባለውን የሕክምና መጽሐፍ ከጻፈው ሐኪም ነው።

በሐኪም ፊት የቋንቋ ነገር ያስጨንቃል። ብዙዎቻችን የወጥ ቤት ዓረብኛ ብንችልም የሕመም ዓረብኛ አንችልም። እነዚህን ያዢ፦ ጉንጭሽን እያሳየሽ «ወጅሂ ይዐወርኒ» በዪ፣ ፊቴን ያመኛል ማለት ነው። «ሙ ዲርሲ» ጥርሴ አይደለም ማለት ነው። «ሚስል ከህረባ» እንደ ኤሌክትሪክ። «አቢ ዶክቶር አዕሳብ» የነርቭ ሐኪም እፈልጋለሁ። ጣትሽን ሕመሙ ከሚነሣበት እስከሚያልቅበት አስኪጂና አሳዪው። ከመሄድሽ በፊት ለአንድ ሳምንት በደብተር ወይም በስልክሽ ላይ ያዢ፤ በየትኛው ወገን፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰከንድ፣ ምን ስታደርጊ እንደጀመረ። የዚህ በሽታ ዋናው ምርመራ ደም አይደለም፣ ራጅም አይደለም፤ ያንቺው አነጋገር ነው። ሐኪሙ የሚያውቀው አንቺ በነገርሽው ልክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪው ምግብና ልብስ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትና ሕክምናም እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ የሥራ ሰዓትንም በቀን ከ12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ሳምንታዊ ዕረፍትም አለው። ሕጉ በወረቀት ላይ መስፈሩና መዳም ሾፌሩን ጠርታ ሐኪም ቤት መላኳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንቺም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ በምክር ጀምሪ። እንግዳ ባለበት ቀን ወይም በረመዳን ከፍጡር በፊት ባለው ጥድፊያ አትጠይቂ፤ ቤቱ ጸጥ ያለ ጊዜ ምረጪ። ማስታወሻሽን አሳያት፤ «ሥራዬን በደንብ እንድሠራ ነው» በያት። ፈጽማ ከከለከለችሽ አቤት የሚባልበት ቦታ የሰው ኃይል ባለሥልጣን የቤት ሠራተኞች ክፍል ነው፤ ኤምባሲያችንም አለ።

ስለ መድኃኒቱ

ፓናዶልና ብሩፌን ለዚህ ሕመም አይሠሩም። ብዙ በዋጥሽ መጠን ጨጓራሽንና ጉበትሽን ትጎጃለሽ እንጂ ነርቩ አይሰማሽም። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው ዋናው መድኃኒት ካርባማዜፒን ነው፤ በሳጥኑ ላይ ቴግሬቶል የሚል ልታዪ ትችያለሽ። ብዙዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ልዩነት ያያሉ። ሐኪሙ ከትንሽ ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምረዋል፤ አንቺ ራስሽ አትጨምሪ፣ ሲሻልሽም በአንዴ አታቁሚ። ይኸው መድኃኒት ለሚጥል በሽታም የሚሰጥ ስለሆነ፣ መዳም ስሙን በስልኳ ፈልጋ «ሰርዕ አለብሽ እንዴ?» ብትልሽ አትደንግጪ፤ አንዱ መድኃኒት ሁለት ሥራ እንዳለው ንገሪያት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያፈዛል፣ ያዞራል፣ እንቅልፍ ያመጣል። በእነዚያ ቀናት መሰላል ላይ ወጥተሽ መስኮት አትጥረጊ፤ በረንዳ ላይ ተንጠልጥለሽ ምንም አታድርጊ። ይህን አሠሪሽም ትወቀው። በየጊዜው የደም ምርመራ ሊያዝልሽ ይችላል፤ መድኃኒቱ የደም ሴሎችን፣ ጉበትንና በደም ውስጥ ያለውን ጨው ሊነካ ስለሚችል ነው። በሰውነትሽ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ አፍሽ ውስጥ ከቆሰለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ የሚቀጥለውን ክኒን ሳትወስጂ ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ሂጂ። የእርግዝና መከላከያ እንክብል ወይም በክንድ የሚቀበር መከላከያ የምትጠቀሚ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ካርባማዜፒን ኃይላቸውን ያደክመዋል። ለዕረፍት አገር ገብተሽ ለመውለድ የምታስቢም አስቀድመሽ አማክሪ፤ ለፅንስ የሚያሰጋ ነገር ስላለው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ጓደኛሽ «ይኸ ለነርቭ ነው» ብላ የምትሰጥሽን ክኒን አትዋጪ፣ ከአገር ቤትም እንዲላክልሽ አትዘዢ። ትራማዶልና ሊሪካ በኩዌት በጥብቅ የሚቆጣጠሯቸው ናቸው፤ ያለ ሐኪም ወረቀት ሻንጣሽ ውስጥ ቢገኙ በአደንዛዥ ዕፅ ትጠየቂያለሽ። ለሕመም ብላ ይዛው ነበር ቢባል ሰሚ የለም።

መድኃኒቱ እምቢ ሲል ወይም ሰውነት አልቀበል ሲል ቀዶ ሕክምና አለ። ከጆሮ ኋላ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈትና በነርቩና በደም ሥሩ መካከል እንዳይነካኩ ቁራጭ ልባስ ይቀመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቴፍሎን ነው፣ ያው መጥበሻሽ እንዳይዝ የተቀባው ዓይነት። ይህን ሥራ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው ፒተር ጃኔታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ። በጨረርና በመርፌ የሚሠሩም አሉ፤ እነዚህ ሕመሙን ሲቀንሱ ፊትን ሊያደነዝዙ ይችላሉ። የትኛው ለአንቺ እንደሚሆን የሚወስነው ኤም አር አይውን ያየ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው።

እስከዚያው ድረስ በቤት የምታደርጊው አለ። ፊትሽን ለብ ባለ ውኃ ታጠቢ። አልጋሽ ከኤሲው ፊት ለፊት ከሆነ አዙሪው፤ የማይዞር ከሆነ ሻሽ ጉንጭሽን ይሸፍን። አቧራ በሚነሣበት ቀን ቆሻሻ ልትጥዪ ስትወጪ ተሸፋፈኚ። በማይታመመው ወገን አኝኪ፤ ቆሎና ቁርጥ ይቅርብሽ፣ እንጀራውን በወጥ አርሺው፣ ቡናውም በረድ ይበል። ማኘክ ፈርተሽ ግን ጦም አትዋዪ። ሕመሙ የሚያከሳቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሾርባም ምግብ ነው።

ይህ በሽታ በደንብ ሳይታወቅ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አንድሬ በ1756፣ እንግሊዛዊው ጆን ፎዘርጊል በ1773 ጽፈውታል፤ ያም ሆኖ ጥርስ መነቀሉ አልቆመም። በአሜሪካ ሕመምተኞች ራሳቸው በ1990 ማኅበር አቋቋሙ። ከ2013 ጀምሮም በየዓመቱ ኦክቶበር 7 ቀን፣ በእኛ መስከረም 27 አካባቢ፣ ሕመሙ የሚታወስበት ዓለም አቀፍ ቀን ሆኗል፤ በዚያ ቀን በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያለ ቀለም ይለበሳል። እኛ ቀለሙን ባንለብስ እንኳ ይህን ጽሑፍ በዋትስአፕም ሆነ በኢሞ ፎቶ አንሥተሽ «ጥርሴን አስነቅዬ አልተሻለኝም» ላለችሽ እህት ልትልኪላት ትችያለሽ።

ሕመሙ ሳይድን ውልሽ አልቆ አገር የምትገቢ ከሆነ ተቅሪር ጢቢውንና የኤም አር አይውን ሲዲ ሳትቀበዪ አትውጪ፤ አገር ቤት ከእንደገና ለመነሣት ወረፋውም ዋጋውም ከባድ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከተጀመረ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቁጥራቸው ጨምሯል፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው። ቤትሽ ወሎ ወይም ጎጃም ከሆነ ደሴ ወይም ባሕር ዳር የነርቭ ሐኪም መኖሩን ቤተሰብ አስቀድሞ ይጠይቅልሽ። ካርባማዜፒን በአገራችንም የሚገኝ መድኃኒት ነው። ቢሆንም ሐኪም እስክታገኚ የሚበቃሽን፣ ከነሳጥኑና ከነማዘዣ ወረቀቱ፣ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አታድርጊ፤ ሻንጣ ቦሌ የሚዘገይበት ጊዜ አለ።